እባብ ነው ብለው ከመምታትዎ በፊት፦ በብሪታንያ ጓሮና ሜዳ እግር አልባ እንሽላሊት ሲያጋጥም ምን ይደረጋል

በብሪታንያ የምንኖር ብዙዎቻችን በቤታችን ጓሮ ወይም ከማዘጋጃ ቤት በምንከራየው የአትክልት መደብ፣ እዚህ አሎትመንት በሚባለው፣ ጎመን፣ ድንችና ቃሪያ እንተክላለን። ብርዱ አልፎ ኮምፖስቱን የሸፈነውን ሸራ ስንገልጥ ክንድ የማይሞላ፣ ነሐስ ቀለም ያለው፣ የሚያብረቀርቅ ፍጥረት ሥሩ ተጋድሞ እናገኛለን። እጅ ወዲያውኑ አካፋ ይፈልጋል። እፉኝት በሚገኝበት ቀዬ ያደገ ሰው እንዲህ ቢያደርግ አይፈረድበትም። እዚህ አገር ግን በጓሮ የሚመታው ፍጥረት ብዙ ጊዜ እባብ እንኳን አይደለም። እግር የሌለው እንሽላሊት ነው። መርዝ የለውም፤ የሚበላውም የጎመን ችግኛችንን በአንድ ሌሊት የሚጨርሱብንን ዛጎል የለሽ ቀንድ አውጣዎች ነው።

እንግሊዞች ስሎው ወርም ይሉታል፤ የሳይንስ ስሙ አንጉዊስ ፍራጊሊስ ነው። በዱር እስከ 30 ዓመት ሊኖር ይችላል። በኮፐንሃገን መካነ እንስሳት የነበረ አንዱ ደግሞ 54 ዓመት እንደኖረ ተመዝግቧል። ሴቷ ለመውለድ አራት አምስት ዓመት ይፈጅባታል፤ ከዚያም በኋላ ብዙ ጊዜ በየዓመቱ አትወልድም። እንዲህ ቀስ ብሎ የሚራባ እንስሳ በአንድ የአካፋ ምት ሲጠፋ፣ ቦታው ቶሎ አይተካም። ይህን መመሪያ የምጽፈው በዚህ ምክንያት ነው፤ ከታች ያለው ሁሉ የሚመለከተው ብሪታንያን ብቻ መሆኑን ግን ከወዲሁ ልብ ይበሉ። ይህ እንስሳ በኢትዮጵያ የለም። ለእረፍት አገር ቤት ሲሄዱ እዚህ የለመዱትን ይዘው እግር ወደሌለው እንስሳ እጅዎን አያቅርቡ፤ እዚያ ያለው እፉኝት ሰው ይገድላል።

1. መጀመሪያ ይቁሙ

የያዙትን መንሽ ወይም አካፋ ከእንስሳው ራቅ አድርገው መሬት ላይ ያጋድሙት። እግርዎን ከማንሳትዎ በፊት ዙሪያዎን ይመልከቱ። እነዚህ እንሽላሊቶች በአንድ ሽፋን ሥር ሁለት ሦስት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ሆነው ስለሚገኙ፣ አንዱን አፍጥጠው ሲያዩ ሌላውን ሊረግጡ ይችላሉ። ልጆችና ውሻ አብረውዎት ካሉ ሁለት ሜትር ያህል ወደ ኋላ ይመልሷቸው። መጮህም ሆነ መሬት መደብደብ አያስፈልግም። እንስሳው ቀዝቅዞት ከሆነ ባለበት ይቆያል፤ ሞቆት ከሆነ ደግሞ ወደ ሣሩ ወይም ወደ አፈሩ ስንጥቅ ይገባል። ወደ ሰው አይመጣም።

ምን እንደሆነ እስኪያረጋግጡ ድረስ እጅዎን አያስጠጉ።

2. በደንብ አይተው ይለዩት

ከሁሉም የሚታመነው ምልክት ዐይኑ ነው። እንሽላሊት የዐይን ቆብ አለው፤ ስለዚህ ዐይኑን ይከድናል፣ ይገልጣል። እባብ የዐይን ቆብ የለውም፤ ዐይኑ ሁልጊዜ ፍጥጥ ያለ ነው። ይህን ለማየት መጎንበስ አያስፈልግዎትም። በስልክዎ ካሜራ አቅርበው አንድ ደቂቃ ያህል በትዕግሥት ይጠብቁ፤ ከከደነ ነገሩ አለቀ፣ እባብ አይደለም።

ዐይኑ አልታይ ካለዎት ወደ አካሉ ይሂዱ። የዚህ እንሽላሊት ቅርፊቶች ደቃቅና በጣም ለስላሳ ስለሆኑ ቆዳው የተወለወለ ነው የሚመስለው። ከቅርፊቶቹ ሥር ትንንሽ ዝርግ አጥንቶች አሉት፤ ስለዚህ ሲሳብ ከእባብ ይልቅ ግትር ያለ ነው፣ እንደ እባብም አጥብቆ አይጠቀለልም። አንገት የለውም ማለት ይቻላል፤ ጭንቅላቱና ገላው አንድ ውፍረት አላቸው። ጭራው ተቆርጦ ካላወቀ የአካሉን ግማሽ ወይም ከዚያ በላይ ይይዛል፤ ጫፉም እንደ እባብ ጭራ ሾሎ አይቀጥንም። ጭራው በድንገት ያለቀ፣ ዱልዱም ያለ ሆኖ ካዩት ቀደም ሲል ከአንድ ጠላት አምልጧል ማለት ነው። ምላሱም የተሰነጠቀው ጫፉ ላይ ትንሽ ብቻ ነው፤ የእባብ ምላስ ግን ለሁለት ተከፍሎ ይታያል።

ርዝመቱ ብዙውን ጊዜ ከ30 እስከ 40 ሳንቲ ሜትር ነው፤ 50 የሚደርስ ብርቅ ነው። ወንዱ ከላይ እስከ ታች አንድ ዓይነት ግራጫ ወይም ቡናማ ሲሆን፣ አንዳንዶቹ ያረጁ ወንዶች ጀርባቸው ላይ ሰማያዊ ነጠብጣብ ያወጣሉ። ያን ያየ ሰው ዕድለኛ ነው፤ በእውነት ውብ ነው። ሴቷ ቡናማ ወይም የመዳብ ቀለም ያላት ሆና ጎኗ ይጠቁራል፤ ብዙ ጊዜም በጀርባዋ መሐል ቀጭን ጥቁር መስመር ይወርዳል። ልጆቹ ሲወለዱ ከ7 እስከ 10 ሳንቲ ሜትር ብቻ ናቸው፤ ጀርባቸው ወርቅማ ወይም ብርማ፣ ሆዳቸው ጥቁር፣ መሐላቸው ላይ እንደ ክር የቀጠነ መስመር አለ። በኦገስትና በሴፕቴምበር ኮምፖስት ውስጥ የሚያብረቀርቅ “ትል” ካዩ በመንሽ ከመገልበጥዎ በፊት እንደገና ይመልከቱ።

አሁን ወደ እባቦቹ። በብሪታንያ በተፈጥሮ የሚገኙት ሦስት ናቸው፤ መርዘኛው አንድ ብቻ ነው፣ እሱም አደር ይባላል። ከእፉኝት ወገን ነው፤ ወፍራም፣ ብዙውን ጊዜ 60 ሳንቲ ሜትር ገደማ፣ ከአንገቱ እስከ ጭራው በጀርባው ላይ ጠመዝማዛ ጥቁር መስመር ያለው። ዐይኑ ቀይ ሆኖ ብሌኑ ከላይ ወደ ታች የተሰነጠቀ ነው። ሙሉ በሙሉ ጥቁር የሆነ አደርም ስላለ፣ ጥቁር እባብ ካዩ አደር ነው ብለው ይራቁ። ሁለተኛው የሣር እባብ ነው፤ ወደ አረንጓዴ የሚያደላ፣ ከጭንቅላቱ ኋላ ቢጫና ጥቁር የአንገት ጌጥ የመሰለ ምልክት ያለው፣ አንዳንዴ ከአንድ ሜትር የሚያልፍ፣ ጉዳት የሌለው እባብ ነው። እሱም ኮምፖስት ይወዳል፤ እንቁላሉን የሚጥለው እዚያ ነው። ሦስተኛው ለስላሳው እባብ እጅግ ብርቅ ሲሆን በደቡብ እንግሊዝ፣ እንደ ዶርሴት፣ ሃምፕሸርና ሰሬ ባሉ አውራጃዎች ቁጥቋጦ ሜዳዎች ብቻ ስለሚኖር በጓሮዎ አይጠብቁት።

አይርላንድ ለሚኖሩ አንድ ቃል፦ እዚያ በተፈጥሮ የሚኖር እባብ የለም። እግር አልባው እንሽላሊትም የአገሩ ተወላጅ አይደለም፤ በክሌር አውራጃ በሚገኘው በረን ብቻ ሰዎች ያመጧቸው ጥቂቶች አሉ።

አይተው አይተው ካልለዩት አደር እንደሆነ ይቁጠሩትና ወደ ኋላ ይመለሱ። በመራቅዎ የሚጎዳ የለም።

3. ሽፋኑን በቦታው መመለስ

እንሽላሊቱ መሆኑን አረጋግጠዋል እንበል። ከአስር ዘጠኙ ጊዜ ከዚህ በኋላ የሚቀርዎት ሥራ የከፈቱትን መክደን ብቻ ነው። ይህ ግን ጥንቃቄ ይጠይቃል፤ ድንጋይ ወይም ቆርቆሮ በላዩ መልቀቅ በአካፋ ከመምታት አይሻልም። ሽፋኑን ከእንስሳው አጠገብ፣ ሳይነካው፣ በዝግታ ያሳርፉት፤ ራሱ ተስቦ ይገባል። ከሁለት ወይም ከሦስት ደቂቃ በላይ ገልጦ ማቆየት ያሞቀውን ገላውን ያቀዘቅዘዋል፣ ለድመትና ለወፍም ያጋልጠዋል።

በሜይና በጁን ወንዱ የሴቷን አንገት ወይም ጭንቅላት በአፉ ነክሶ ይዞ ሁለቱ ተጠማዘው ሊያገኟቸው ይችላሉ። ጠብ አይደለም፤ ተራክቦ ነው። ለሰዓታት ሊቆይ ስለሚችል ለማለያየት አይሞክሩ።

4. ማንሳት ግድ ሲሆን

መንገድ ላይ ወይም ሊታጨድ በተቃረበ ሣር መሐል ከተኛ፣ አለዚያም ባዶ በርሜል ውስጥ ወድቆ መውጣት ካቃተው ማንሳት ይገባል። ቀጭን ጓንት ያድርጉ፤ ከሌለ እጅዎን በውኃ ያርጥቡ። ሁለቱን መዳፎች ከሆዱ ሥር፣ ከአፈሩና ከቅጠሉ ጋር ጭምር ዝቅ አድርገው ያስገቡና እንደ ዕፍኝ ያንሱት። ጭራውን በምንም ምክንያት አይያዙ። ጣትዎን አይጭመቁ፤ በመዳፍዎ መካከል ቢንፏቀቅ ይፍቀዱለት። ብዙ ጊዜ በፍርሃት እጅ ላይ ያራል፣ ሽታውም ይከብዳል፤ ደንግጠው እንዳይጥሉት።

የት ይወስዱታል? ጥቂት ሜትር ብቻ፣ እዚያው ግቢ ውስጥ ወዳለ ጥላና መሸሸጊያ። እንስሳው በዕድሜው ሙሉ ከትንሽ አካባቢ አይርቅም፤ የሚሞቅበትን ድንጋይ፣ ቅዝቃዜውን የሚያሳልፍበትን ጉድጓድ፣ ምግቡን የሚያገኝበትን ጥግ የሚያውቀው እዚያ ነው። “ጫካ ይሻለዋል” ብሎ በመኪና ወስዶ መናፈሻ ውስጥ መልቀቅ ደግነት ይመስላል፤ ለእንስሳው ግን ቤት አልባ መሆን ነው። ሲጨርሱ እጅዎን በሳሙና ይታጠቡ፤ እንደ ብዙዎቹ ተሳቢ እንስሳት ሳልሞኔላ ሊይዝ ይችላል።

5. ጭራው ቢበጠስ፣ ድመት ቢይዘው

ሲደነግጥ ወይም ሲያዝ ጭራውን ራሱ ይጥላል። የተጣለው ጭራ ለደቂቃዎች ይንፈራገጣል፤ ጠላት ያንን ሲያይ ባለቤቱ ያመልጣል። ደም እምብዛም ስለማይፈስ አይሸበሩ፣ ቁስሉን ለማሰር ወይም መድኃኒት ለመቀባት አይሞክሩ። ጭራውን እዚያው ይተዉት፣ እንስሳውን በቅርብ ወዳለ መሸሸጊያ ይሸኙት። አጭር ዱልዱም ጭራ መልሶ ያበቅላል፤ የመጀመሪያውን ያህል ግን አይረዝምም። ጭራው የስብ ስንቁንም ስለሚያስቀምጥበት ይህ ኪሳራ ቀላል አይደለም።

የድመት ጉዳይ ግን ሌላ ነው። የድመት ጥርስ የወጋው ቁስል ከላይ ትንሽ ቢመስልም ቶሎ ይመረቅዛል። እንስሳውን አየር በሚያስገባ ካርቶን ውስጥ፣ እርጥብ የወጥ ቤት ወረቀትና ቅጠል አንጥፈው ያስቀምጡት፤ ጸጥ ያለ፣ ቀዝቀዝ ያለ ጥግ ያግኙለት። ምግብም ውኃም በግድ አይስጡት። ከዚያ በአካባቢዎ ላለ የዱር እንስሳት መታደጊያ ወይም ለእንስሳት ሐኪም ይደውሉ፤ በእንግሊዝና በዌልስ አርኤስፒሲኤ የሚባለው ማኅበር የሚደርስ ሰው ሊያገናኝዎት ይችላል።

ድመት ያለው ሰው ድመቱን ይጣል አልልም። መሸሸጊያውን ግን መጠበቅ ይቻላል፦ ድንጋዩ ወይም ቆርቆሮው ላይ እሾሃማ ቅርንጫፍ ይከምሩ፣ ወይም ቀዳዳው ሰፋ ያለ የሽቦ መረብ ይዘርጉበት፤ እንሽላሊቱ በቀዳዳው ያልፋል፣ የድመት መዳፍ ግን አያልፍም። ዶሮ የሚያረቡም ይወቁት፤ ዶሮ ይህን እንስሳ ጭልፊት እንኳን በማያደርገው ትጋት ታድናለች፣ በተለይ ልጆቹን። ኮምፖስቱንና የዶሮ ግቢውን ይለዩ።

6. ኮምፖስት፣ ሣርና እሳት

እነዚህ እንስሳት በጓሮ ከሚሞቱባቸው መንገዶች ብዙዎቹ እዚህ ላይ ናቸው፣ ስለዚህ ጊዜ ልውሰድ።

ኮምፖስት ለእንሽላሊቱ ሙቀትም ምግብም መሸሸጊያም ነው። ሴቷ እንቁላል አትጥልም፤ እንቁላሉ በሆዷ ውስጥ ይፈለፈልና በሞቃቱ ወራት መጨረሻ ልጆቿን ትወልዳለች፣ ብዙ ጊዜም የምትመርጠው የሚሞቀውን ክምር ነው። ከኦክቶበር እስከ ማርች ድረስ ደግሞ አንዳንዶቹ ከክምሩ ሥር ይተኛሉ፤ በእንቅልፍ ላይ ስለሆኑ መንሽ ሲመጣ መሸሽ አይችሉም። እንግዲህ ክምሩን ለመገልበጥና ለማውጣት የሚሻለው ጊዜ ኤፕሪልና ሜይ መጀመሪያ ነው፤ ነቅተዋል፣ ገና አልወለዱም። ሞቅ ያለ ቀን ይምረጡ። መንሹን ከላይ ወደ ታች አይውጉ። የላይኛውን ሽፋን በጓንት እጅ ወይም በአግድም በያዙት መንሽ እየገፈፉ፣ ንብርብሩን አንድ በአንድ ይውረዱ። እንስሳ ሲያገኙ ለጊዜው ሥራውን ያቁሙና መንገድ ይስጡት። የበሰለውን አፈር ሁሉ በአንድ ቀን ካላወጣሁ አይበሉ፤ አንድ ጥግ ሳይነካ ይቅር። አዲስ የኮምፖስት ሳጥን የሚገዙ ከሆነ ታቹ ክፍት ሆኖ አፈሩን የሚነካውን ይምረጡ።

ሣርን በተመለከተ የከፋው ጠላት በሚሽከረከር ገመድ የሚቆርጠው የእጅ ማሽን ነው። ረጅም ሣር ሥር የተኛ እንሽላሊት ድምፁን ሰምቶ ለመሮጥ ፍጥነት የለውም። ሁለት ልማድ ይያዙ። አጭር እንዲሆን የሚፈልጉትን ሣር ሳያቋርጡ አጭር አድርገው ያቆዩት፤ አጭር ሣር ውስጥ ስለማይተኛ አይጎዳም። ረጅም የተዉትን ደግሞ በኖቬምበርና በፌብሩዋሪ መካከል፣ እንስሳቱ ከመሬት ሥር ሲሆኑ፣ ከመሬት 15 ሳንቲ ሜትር ያህል ከፍ አድርገው ይቁረጡት። በሞቃቱ ወራት መቁረጥ ግድ ከሆነብዎት በመጀመሪያ በእግርዎ በዝግታ ይራመዱበት፣ በዱላ ሣሩን ይክፈቱት፤ ከዚያ ከመሐል ጀምረው ወደ አጥሩና ወደ ቁጥቋጦው እየቆረጡ ይሂዱ፤ የሚሸሽበት አቅጣጫ ክፍት ይሆንለታል። ከአጥሩ ሥር አንድ ሜትር ስፋት ያለው ረጅም ሣር ዓመቱን ሙሉ ቢቀር ጎረቤት ሊያጉረመርም ይችላል፤ ለእንስሳው ግን ከሌላው ሁሉ የሚበልጥ ውለታ ነው።

እሳት። ለመስቀል በጓሮ ደመራ የሚደምሩ ቤተሰቦች አሉ፤ ኖቬምበር 5 ደግሞ እንግሊዞቹ እሳት ያነድዳሉ። የተከመረ እንጨት ለእንሽላሊትና ለጃርት ቤት ነው፤ በሴፕቴምበር መጨረሻ ላይም የዓመቱ ልጆች ገና የተወለዱ ናቸው። እንጨቱን ቀድመው ሰብስበው ከሆነ ሌላ ቦታ ያኑሩትና በዕለቱ በሚለኮስበት ንጹሕ መሬት ላይ እንደገና ይደምሩት።

7. የቀንድ አውጣ መርዝ

ጎመን ለሚተክል ሰው ይህ ስስ ጉዳይ መሆኑን አውቃለሁ። ሜታልዴሃይድ የተባለው መርዝ ያለበትን እንክብል ከቤት ውጭ መጠቀም በታላቋ ብሪታንያ ከኤፕሪል 2022 ጀምሮ ተከልክሏል። ጎተራ ውስጥ የቀረ አሮጌ ካርቶን ካለዎት አይርጩት፣ ቆሻሻ ውስጥም አይጣሉት፤ ማዘጋጃ ቤቱ አደገኛ ቁሳቁስ በሚቀበልበት ቦታ ያስረክቡት። የእንሽላሊቱ ዋነኛ ምግብ ትንንሾቹ ግራጫ ዛጎል የለሾች ናቸው፤ ችግኝ የሚቆረጥሙትም እነሱ ናቸው። አንድ ሁለት እንሽላሊት ጓሮዎን ከቀንድ አውጣ ያጸዳል ብዬ አላታልልዎትም፤ ችግኙን በማሰሮ ውስጥ አጠንክሮ መትከልና ማታ በባትሪ መብራት እየለቀሙ ማንሳት አይቀርም። መርዝ ያልነካው ጓሮ ግን ረዳቶቹን ይዞ ይቆያል።

8. ቤት መሥራት

በተቻለ ሁሉ ይሥሩለት። ቀላሉ መንገድ ቆርቆሮ ነው። ወደ ግማሽ ሜትር በግማሽ ሜትር የተቆረጠ የጣሪያ ቆርቆሮ ወይም ካትራሜ የተቀባ ጥቁር የጣሪያ ወረቀት ይፈልጉ፤ ስለታም ጠርዙን ያጥፉት። በዚህ አገር ፀሐይ በደቡብ በኩል ስለምትዞር ወደ ደቡብ ወይም ወደ ምሥራቅ የሚያይ፣ ከረጅም ሣር አጠገብ የሆነ ቦታ ይምረጡ። ሣሩ ላይ እንዲሁ ያሳርፉት። ይህ እንሽላሊት እንደ ሌሎቹ ሜዳ ላይ ተዘርግቶ ፀሐይ አይሞቅም፤ ከሞቀ ነገር ሥር ገብቶ በጀርባው ሙቀቱን መቀበል ይመርጣል። ፌብሩዋሪ ወይም ማርች ላይ ካስቀመጡት በኤፕሪል ነዋሪ ሊኖረው ይችላል። በሳምንት ከአንድ ጊዜ በላይ አይግለጡት፤ አመሻሽ ላይ ወይም ማለዳ፣ ሙቀቱ ከ10 እስከ 18 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲሆን ቢያዩ ይሻላል። በጠራራ ቀትር ቆርቆሮው ስለሚግል ሥሩ ማንም አይኖርም።

ለቅዝቃዜው ወራት መኝታ የሚሆን ደግሞ ውኃ የማይቋጥር ቦታ ላይ ግማሽ ሜትር ያህል ይቆፍሩ፤ በስብርባሪ ጡብ፣ በድንጋይና በግንድ ቁራጭ ይሙሉት፤ በመካከላቸው ክፍተት ይኑር። ከላይ በቆፈሩት አፈርና በሣር ይሸፍኑት፣ በጎኑ በኩል ጥቂት መግቢያ ይተዉ። ውርጭ እንዳይደርስበት ነው ዓላማው። ከሌላ ቦታ እንስሳ ይዘው አምጥተው ግን አይሙሉት፤ ከመጣ በራሱ ይመጣል።

9. በሜዳ ሲያገኙት

የሚገኘው በጫካ ዳር፣ በቁጥቋጦ ሜዳ፣ በባቡር ሐዲድ ተዳፋት፣ በአሮጌ የመቃብር ስፍራና በባሕር ዳር ገደል ሣር ውስጥ ነው። ድንጋይ ወይም የወደቀ ግንድ ካነሱ በነበረበት አኳኋን፣ በነበረበት ቦታ ይመልሱ። ሜዳ ላይ ከጓሮ የበለጠ ጥንቃቄ ይጠይቃል፤ አደርም እዚያው ይኖራል፣ ያንኑ ሽፋንም ይጋራል። ስለዚህ ጣትዎን ከሥሩ አስገብተው አያንሱ። ከእርስዎ ራቅ ያለውን ጠርዝ በዱላ ወይም በመንጠቆ ያንሱት፤ ሽፋኑ በእርስዎና በሥሩ ባለው መካከል ጋሻ ይሁን። ውሻዎን ያስሩ።

በብሪታንያ በአደር ንክሻ ሰው የሞተው ለመጨረሻ ጊዜ በ1975 ነው፤ ንክሻው ግን ሕመሙ ብርቱ ነው፣ ልጅን ይበልጥ ይጎዳል። ከነደፈ የተነደፈውን ሰው ያረጋጉ፣ እጁን ወይም እግሩን እንዳያንቀሳቅስ ያድርጉ፣ ቀለበትና ሰዓት ያውልቁ፣ 999 ይደውሉ ወይም ሆስፒታል ይሂዱ። ቁስሉን መብጣት፣ መምጠጥ፣ በገመድ ማሰር፣ በረዶ ማድረግ ሁሉም ጉዳት ነው። አስፕሪንና አይቡፕሮፌን አይስጡ። እባቡን ለማሳየት ብሎ ማሳደድም ሁለተኛ ንክሻ መጋበዝ ነው።

10. ይመዝግቡት

ጭንቅላቱንና ጎኑን የሚያሳይ አንድ ሁለት ፎቶግራፍ፣ ቀኑ፣ የቦታው የፖስታ ቁጥር፣ ስንት እንደነበሩ፣ ወንድ ሴት መሆናቸው ከታወቀ እሱም። ይህን አይሬከርድ ወይም ሬከርድ ፑል በተባሉት የበይነ መረብ መዝገቦች ላይ ማስገባት ደቂቃዎች ይፈጃል። እባክዎ ይህን አይዝለሉት። ማዘጋጃ ቤት አንድ ሜዳ ላይ ቤት እንዲሠራ ከመፍቀዱ በፊት ከሚታዩት ነገሮች አንዱ ይህ መዝገብ ነው፤ ያልተመዘገበ እንስሳ በወረቀት ላይ የለም።

11. ሕጉና ግንባታው

በ1981 የወጣው የዱር እንስሳትና የገጠር ሕግ ይህን እንሽላሊት በእንግሊዝ፣ በዌልስና በስኮትላንድ ይጠብቃል። ሆን ብሎ መግደል፣ ማቁሰል ወይም መሸጥ ወንጀል ነው፤ በእንግሊዝና በዌልስ ከገንዘብ ቅጣት እስከ 6 ወር እስራት ሊያስከትል ይችላል። ቤትዎን ሊያስፋፉ፣ አሮጌ ጎተራ ሊያፈርሱ ወይም ጓሮውን ሲሚንቶ ሊያለብሱ ካሰቡና እንስሳው እንዳለ ካወቁ ሥራውን ከመጀመርዎ በፊት የሥነ ምህዳር ባለሙያ ያማክሩ። ኮንትራክተሩንም አስቀድመው ይንገሩት፤ ቆፋሪ ማሽን ከገባ በኋላ መናገር ለማንም አይጠቅምም። ራስዎ ሰብስበው ለጎረቤት አጥር ማሻገር መፍትሔ አይደለም፤ እንስሳቱን ማዛወር ወራት የሚወስድ፣ በዕውቀት የሚሠራ ሥራ ነው።

በመጨረሻ ብዙዎች የሚቸገሩበት አንድ ነገር። በዲሴምበር ወይም በጃንዋሪ ድንች ሲያወጡ ወይም ሥር ሲነቅሉ የተኛ እንሽላሊት ቢያወጡ የሞተ ሊመስልዎት ይችላል፤ ገላው ቀዝቃዛና ደረቅ ያለ ነው፣ አይንቀሳቀስም። ወደ ሞቃት ቤት አያስገቡት፤ ከእንቅልፉ ይነቃና የማይተካ ስንቁን ይጨርሳል። ቁስል ከሌለው በሁለት መዳፍ ከነአፈሩ ያንሱት፣ ውርጭ በማይደርስበት ጥልቀት፣ ከኮምፖስቱ ሥር ወይም ከድንጋይ ክምሩ ውስጥ ያስገቡት፣ በደረቅ ቅጠልና በላላ አፈር ይክደኑት። አፈሩን በእግርዎ አይጠቅጥቁ። ቁስል ካለው ግን ባልሞቀ ክፍል ውስጥ በካርቶን አስቀምጠው፣ ለዱር እንስሳት መታደጊያው በዚያው ቀን ይደውሉ።